ለእትዬ የተለካ ኮርቻ

እህቴን ያየኋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ። ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ በመንገዱ ዳር፣ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ የኤሌክትሪክ ብስክሌቷን እየገፋች ታዘግማለች። መንገዱ ዳገት አይደለም፤ የተነጠፈ፣ ለጥ ያለ አስፋልት ነው። እጀታው ላይ ያለችው የባትሪ መብራት አረንጓዴ መሆኗ ከተቀመጥኩበት ሳይቀር ይታየኛል። ጎማውም አልተነፈሰም። ብስክሌቱ ደህና ነበር። ደህና ያልነበረችው እሷ ናት። እግሮቿን ፈርከክ እያደረገች፣ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያለች፣ ቀኑን ሙሉ በቅሎ ላይ ውሎ እንደወረደ ሰው ነበር የምትሄደው።

መውረድ ነበረብኝ። «ወራጅ» ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። እንዲያውም እንዳታየኝ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ፣ መብራቱ እስኪለቀን ድረስም ስክሪኑ የጠፋውን ስልክ በጣቴ ስፈትግ ቆየሁ።

ማታ ቤት ስትገባ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩን ከፍቼላት ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ቀስ ብላ ወረደች፤ «ደመና ላይ እንደመቀመጥ እኮ ነው» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ብስክሌቱን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ኮርቻውን የመረጥኩላትም እኔ ነኝ። ስለ ኮርቻው ደግሞ እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ነገር አለ።

እትዬ የቤት ለቤት ነርስ ናት። አልጋ የያዛቸው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄደች ቁስል ታጥባለች፣ ስኳር ትለካለች፣ የሽንት ቱቦ ትቀይራለች። ዘጠኝ ቤት አላት። «አለኝ» ነው የምትለው፣ እንደ ርስት። የማንኛው ቤት በር እንደሚጮህ፣ የማንኛው ሽማግሌ ከመርፌ በፊት ቀልድ ካልተነገረው ክንዱን እንደማይሰጥ በቃሏ ታውቀዋለች። አሥራ አምስት ዓመት በእግሯ ዞራለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ ፊቴን ያጠበችኝ፣ ጫማ ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ልቆጣት የማልችል፣ ስትቆጣኝም የማልመልስላት ብቸኛ ሰው ናት። ባሏ ከሞተና እኔ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ላይ ነው የምንኖረው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የምንጋራው ግቢ።

እኔ ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት የተማርኩት ዕቃ ለሰው ገላ እንዴት እንደሚስማማ ነው። ወንበር፣ የበር እጀታ፣ የመጋዝ መያዣ፣ የሆስፒታል አልጋ። እዚያ ሳለሁ ልቤ እዚህ ነበር፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ሳልፈታው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የምሠራው የተማሪ ዴስክ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በገባሁ ሳምንት አለቃዬ ስዕሎቼን አንድ በአንድ አይቶ ሲያበቃ፣ ዴስኩ ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ልጆቹም ሃያ ዓመት ያለ አቤቱታ እንደተቀመጡበት ነገረኝ። ስዕሎቹ መሳቢያ ገቡ። ከዚያ በኋላ የምሠራው የብሎን ዓይነትና ብዛት መቆጣጠር ነው። እና አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስማር ነበር? ለማንስ ጠቀመ?

ለእትዬ ብስክሌት ልግዛ ስል ይህም ውስጤ ነበር። ጉልበቷ ማታ ማታ ያብጣል። ግን ጉልበቷ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር፣ አንድ ትንሽ ነገር እንኳ፣ በተማርኩት ትምህርት ለአንድ ሰው በትክክል ልሠራ ፈለግሁ። ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ኮርቻ ለማንም የማይሆን ደረቅ ፕላስቲክ ስለነበር ደስ አለኝ። ሥራ አገኘሁ።

ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ከተራው ብስክሌት ይልቅ ክብደቱን ኮርቻው ላይ ይጥላል። ሞተሩ ስለሚያግዘው ፔዳሉን በኃይል አይረግጥም፤ እግሩ ያልተሸከመውን ክብደት መቀመጫው ይሸከማል። ስለዚህ የኮርቻው ልክ ወሳኝ ነው። ልኩ ደግሞ ከልስላሴ አይመጣም። ሰው ሲቀመጥ ሁለት አጥንቶች አሉ፣ ክብደቱን የሚይዙ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው የኮርቻውን ስፋት የሚወስነው። መለኪያው ቀላል ነው። ወፍራም ካርቶን ጠንካራ ወንበር ላይ ታነጥፋለህ፣ ሰውየው ይቀመጥበታል፣ ሲነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል፣ በማስመሪያ ትለካለህ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ሳሎን የገባሁበትን ምሽት አልረሳውም። እትዬ ጋዋኗን እየተኮሰች ነበር። «እትዬ» አልኳት። «አቤት» አለች፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሳ። አፌ ተሳሰረ። ለታላቅ እህት፣ ያውም ለእሷ፣ እስኪ እዚህ ላይ ተቀመጪና የመቀመጫሽን አጥንት ልለካው የሚባልበትን አነጋገር ማንም አላስተማረኝም። በተማርኩበት ቋንቋ ቃሉ እንደ ውሃ ነው፤ ፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። እቤት ውስጥ፣ በካውያው እንፋሎት መካከል ግን ልክ እንደ ስድብ ከበደኝ። ካርቶኑ ምንድን ነው ስትለኝ ለዴስክ ሥራ ነው አልኳትና ክፍሌ ገባሁ።

በሩን ቆለፍኩ። ካርቶኑን ወንበር ላይ አነጠፍኩ። ተቀመጥኩበት። አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር።

አንድ እናት፣ አንድ አባት ነው ያለን አልኩ ለራሴ። ከኋላ ሲያዩን ይመሳሰላሉ ይሉናል። የሴት ዳሌ አጥንት ከወንድ እንደሚሰፋ አውቅ ነበር፤ የሁለተኛ ዓመት የፈተና ጥያቄ ነበር፤ ያውም በትክክል የመለስኩት። እያወቅሁ ነው ችላ ያልኩት። ለአሥራ አንድ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ውስጡ ጄል ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ኮርቻ ገዛሁ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ኮርቻውን ገጥሜ ሳሳያት፣ ልኬን በምን አወቅህ አለችኝ። እሷም ስትጠይቅ ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ የምትቀመጥበት የሳሎን ወንበር ስፖንጅ ላይ የቀረውን ምልክት ለክቼ ነው አልኳት። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ውሸት ሲሆን ምላሴ ይፈታል ማለት ነው። እትዬ ግን አፏን ይዛ ቀረች። በነጋታው ለክሊኒኩ ሰው ሁሉ ተናገረች። ከዚያ ለዘጠኙም ቤት። ወንድሜ ሳይነካ ይለካል፣ ስፖንጅ አይቶ ገላ ያነባል፣ ለዚህ ነው ሰባት ዓመት የተማረው።

ከታክሲው ባየኋት ማግስት፣ አርብ፣ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ከክሊኒኩ በታች ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። እትዬ ጎማዋን የምታስነፋው እሱ ዘንድ ነው። የተጋደመ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ቸርኬ ያቀናል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ገና ሳልጠይቀው ጀመረ። እህቴ ከክሊኒኩ በር ብስክሌቷ ላይ ሆና ትወጣለች፤ ፋርማሲውን እንዳለፈች ትወርዳለች፤ ማታ ስትመለስም ፋርማሲው ጋ እስክትደርስ ትገፋለች፣ ከዚያ ትቀመጥበታለች። መጀመሪያ ባትሪው የሞተ መስሎት ልየው ብሏት ነበር፤ ሐኪም የእግር ጉዞ አዞልኛል አለችው። አንድ ሰሞን ፎጣ አጥፋ ኮርቻው ላይ አስራ ነበር፤ ወደ ቤት ስትሄድ ግን እዚሁ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች።

«አማቼ እኮ እንደሱ ዓይነት ሊገዛ ነበር» አለኝ፣ ቸርኬውን እያሽከረከረ። «ያንተን እህት አሳየሁትና፣ ለመግፋት ለመግፋት ጋሪ ይበቃሃል አልኩት።»

ሳቀ። አብሬው ለመሳቅ ሞከርኩ፣ ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ሳል ነው።

ማታ እነግራታለሁ ብዬ ቃላቱን በየመንገዱ እያሰናዳሁ ገባሁ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ስታየኝ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ አንተ የተማርክ ነህና ፊደሉን እይልኝ አለች። ለክሊኒኩ ኃላፊ የተጻፈ ማመልከቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ልትሰጥ ነው። በዕድሜና በአካል ድካም ምክንያት የቤት ለቤት ሥራውን መቀጠል እንዳልቻለች፣ ወደ ካርድ ክፍል እንድትዛወር እንዲፈቀድላት በትሕትና ትጠይቃለች። መሃል ላይ እንዲህ የሚል አለበት፤ «ወንድሜ ዘመናዊ ብስክሌት ገዝቶልኝ፣ ኮርቻውንም በሳይንስ ለክቶ ያስተካከለልኝ ቢሆንም ሰውነቴ ሊቀበለው ስላልቻለ»።

ካርድ ክፍሉን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ማኅደር፣ አንድ ወንበር፣ ሰው ቁጥሩን የሚያሾልክባት ጠባብ ቀዳዳ። እትዬን እዚያ ማስቀመጥ ድምጿን እንደመቅበር ነው።

ምን ያምሻል አልኳት። ምንም አለች። ቀጥላም፣ ከእኔ ይልቅ ለወረቀቱ የምትናገር መስላ፣ «ኮርቻው እንደሆነ ተለክቷል» አለች። «ጥፋቱ የእኔው ገላ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።»

ያኔ ነበር የምናገረው። ሰዓቱ ያ ነበር። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አውጥቼ «ትሕትና» የሚለው ላይ የተሳሳተችውን አንድ ፊደል አረምኩላትና ወረቀቱን መለስኩላት። እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። ተኝቼ አላደርኩም ብል ይህም ውሸት ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ይኼ ራሱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ እትዬ እስከ እኩለ ቀን ሠርታ ገብታ ጋደም አለች። እኔ የፈሪ ዕቅድ ይዣለሁ። ኮርቻውን ፈትቼ፣ ሰፊ አስለውጬ፣ ሳትነቃ መልሼ ልገጥመው። ሰኞ ስትቀመጥበት ይደላታል፣ ደብዳቤውን ትተወዋለች፣ ስለ አሥራ አንዱ ሳንቲ ማንም አያውቅም። የብሎን መፍቻ ይዤ ግቢ ወጣሁ፣ ኮርቻውን ነቀልኩ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተትኩና ሶፋ የምታለብሰው ሴትዮ ዘንድ ሄድኩ። የብስክሌትም የሞተር ሳይክልም ኮርቻ በእጇ እንደምትሠራ ፋብሪካችን ውስጥ ሰምቼ ነበር።

ቤቷ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ አለው። ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ መሃል ተንበርክካ ሚስማር በአፏ ይዛለች። ስድሳ ዓመት ያልፋታል፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። የምፈልገውን ነገርኳት፤ ከዚህ ሰፋ ያለ፣ ለሴት፣ ይህን ያህል ለምትሆን ሴት፣ አልኩና በሁለት እጄ አየር ላይ አሳየኋት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረቻቸው።

«እሷን አምጣት» አለችኝ።

ሥራ ይበዛባታል አልኩ። ኮርቻውን ከፌስታሉ አውጥታ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ በአውራ ጣቷ ዳር ዳሩን ዳበሰችው። መሃሉ አዲስ ነው። የተላላጠው በሁለቱ ጠርዝ ነው፣ ግራና ቀኝ፣ ቆዳው እስኪሳሳ።

«የዚህ ባለቤት ሁለት ገደል አፋፍ ላይ ነው ተቀምጣ የከረመችው» አለች። «ማነው ልኳን የወሰደው?»

«ባለሙያ ነው» አልኩ።

«ይሄ የወንድ ልክ ነው፣ ልጄ። የቀጭን ወንድ።» መነጽሯን አወረደችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ መጨረሻ ላይ ዓይኗ ወገቤ ታች አረፈ። «ያንተ ነው እንዴ?»

ሰባት ዓመት የተማርኩትን ሴትዮዋ በአንድ እይታ ለክታ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ መዋሸት ምን ዋጋ አለው፤ ሁሉንም ነገርኳት። ካርቶኑን፣ በሩን መቆለፌን፣ ስፖንጁን፣ ማመልከቻውን። ስፖንጁ ላይ ስደርስ ሳቅ ሲያፍናት አየሁ። ሳቀች፤ ሶፋው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች ሳቀች። ማመልከቻው ላይ ስደርስ አቆመች።

«ቂጥ ነው ስሙ» አለች። «ሁሉም ሰው አለው። እዚህ ቤት ጳጳስም ይምጣ ሚኒስትር ልኩን የምወስደው አስቀምጬ ነው።» ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን አሳየችኝ፤ እርጥብ ሸክላ የተሞላ ጠፍጣፋ ሣጥን፣ ከላዩ ስስ ላስቲክ፣ አጠገቡ ለመደገፊያ የቆመ በርጩማ። ሰው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሸክላው ይናገራል። እዚያ ላይ ላልተቀመጠ ሰው ግን ኮርቻ እንደማትሠራ፣ ሠርታም እንደማታውቅ ነገረችኝ። ኮርቻ ከልክ በላይ ሲሰፋም ጭን ይፈትጋል፤ ሁለተኛ በግምት ሠርተህ ሁለተኛ ልታቆስላት ነው ወይ አለችኝ። ኮርቻውን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። እሁድም ቢሆን እቤት ነኝ፣ እንዳፈረች ትምጣ፣ ስትወጣ አታፍርም አለችኝ።

ስመለስ ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። እትዬ ነቅታ ኖሯል። ከዘጠኙ ቤቶች ካንዱ ደውለው ቁስል ደማ ስላሏት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታ፣ ብስክሌቷን ያለ ኮርቻ አገኘችው። አከራያችን ወይዘሮ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሌባውን ይራገማሉ። የጎረቤቱ ጡረተኛ ሾፌር፣ ይህ እንኳ የተለየ ሌባ ነው፣ እቤቱ ኮርቻ የጎደለው ብስክሌት ያለው ሰው መፈለግ ነው እያለ ያፌዛል። እትዬ ግን ባዶው ብረት ላይ እጇን ጭናለች። ቀርቤ ሳያት ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ወንድሜ የለካልኝን» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ፌስታሉ እጄ ላይ ነው። የኮርቻው አፍንጫ ላስቲኩን ወጥሮ ጎልቶ ይታያል። አከራያችን አዩት። ጡረተኛው አየው። ልጠግነው ወስጄው ነው ማለት እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ያምነኛል፣ እንዲያውም ያመሰግነኛል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሌባው እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ፣ ቤት ግቢና ልንገርሽ።»

መጀመሪያ ወደ ታማሚው ሄደች። በእግሯ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ኮርቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት። ስትመለስ እጇን ታጠበች፣ ፎጣውን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ በአንድ ጎኗ ነው።

«ኮርቻው ያንቺ ልክ አይደለም» አልኳት።

«ተለክቷል አላልከኝም?»

«ተለክቷል።»

«በማን?»

«በእኔ።»

ፎጣውን አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ስፖንጁስ?»

«ስፖንጅ የሚባል ነገር የለም።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። ልቤ በድብቅ ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ቀስ እያለች የሁለቱን ወር ነገር ነገረችኝ። መጀመሪያ ድንዛዜ ነበር፣ ከዚያ ማቃጠል፣ ከዚያ የማይድን ቁስል። ነርስ ስለሆነች የምታውቀው ብዙ ነው፤ የምታውቀው ሁሉ ደግሞ ክፉ ክፉው ነው። ኮርቻው ስለተለካ ከኮርቻው ነው ብላ አንዴም አላሰበችም። ማንም የማያውቃት ሠፈር ድረስ ሄዳ፣ ነርስ መሆኗን ደብቃ፣ ደም ተመርምራለች። ምንም እንደሌለባት የሚናገረውን ውጤት እስክትቀበል አምስት ቀን። በእነዚያ አምስት ቀኖች ማታ ማታ ደመና ላይ እንደመቀመጥ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም እየሰማሁ እበላ ነበር።

«የሰው ገላ አጥባለሁ» አለችኝ። «አባታችንን የሚያህሉ ሰዎች ልብሳቸውን ሳወልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አይዞዎት፣ ገላ ነው እላቸዋለሁ። አንተ ካርቶን ላይ ተቀመጪ ማለት አቃተህ?»

«አፈርኩ።»

«አፈርክ። እሺ። መዋሸቱስ አላሳፈረህም?»

መሬቱን እያየሁ ቀረሁ። ተነሥታ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ብትወረውረው በተሻለኝ።

እሁድ ጠዋት የሴትዮዋን ቤት ብቻ ጠየቀችኝ። ላድርስሽ አልኳት፤ እችላለሁ አለች። እስከ ታክሲ መያዣው ተከተልኳት፣ ከዚያ ወዲያ በዓይኗ መለሰችኝ። ከሰዓት ስትመለስ ልኳ ስንት እንደወጣ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም። ረቡዕ ይደርሳል አለች፤ ሴትዮዋ ደህና ሰው መሆኗን፣ ሻይ አብረው እንደጠጡ ጨመረች። ስለ ማመልከቻው ትንፍሽ አላለችም። ጠረጴዛው ላይ ፖስታ ውስጥ ሆኖ አድሯል።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ በሬን አንኳኳች።

«አለቃህ ጋ ደውልና ዛሬ አልገባም በል» አለችኝ። «ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። በእግር ነው የምዞረው።»

ደብዳቤውን ትሰጫለሽ ወይ አልኳት።

«እሱን አንተ አትጠይቀኝም» አለች። ጫማዋን እያሰረች ቀጠለች። «ስለ ስፖንጁ ለዘጠኙም ቤት ተናግሬያለሁ። ወንድሜ እንዲህ ነው እያልኩ፣ ሰው ቁስሉን እያጠብኩለት። እና አሁን ልመለስና ውሸት ነው ብዬ እኔ ልንገራቸው? አንተ ትነግራቸዋለህ። ዘጠኙንም።»

ክሊኒኩ በር ላይ ቦርሳውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት። ጎሚስታው ከማዶ እጁን አነሳልኝ። ስትወጣ ፖስታው አሁንም ከጋዋኗ ኪስ ብቅ እንዳለ ነው፤ በሌላ እጇ ግን የሳምንቱን የቤት ለቤት ዝርዝር ይዛለች፣ እስከ አርብ ድረስ ስሟ የተጻፈበትን። ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አነገትኩ። እሷ ቀደመችኝ። አካሄዷ አሁንም ፈርከክ ያለ ነበር፤ ከኋላዋ ሆኜ እያንዳንዱን እርምጃ አየሁት፣ እንዳየውም የፈለገች ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከወገባቸው በታች የማይታዘዝላቸው አንድ የቀድሞ ልብስ ሰፊ። አልጋቸው መስኮት ጋ ነው። እትዬ ጓንቷን አድርጋ ፋሻውን እየፈታች፣ ወንድሜ የሚነግርዎት ነገር አለው አለቻቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። ካርቶኑን፣ በሩን መቆለፌን፣ ውሸቱን፣ የእህቴም ቁስል ከእኔ የመጣ መሆኑን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሳይስቁም።

«ያንተ ስንት ወጣ?» አሉኝ፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ።

«አሥራ አንድ ሳንቲ።»

«የእሷስ?»

አላውቅም ልል ስል፣ ቁስሉ ላይ እንዳጎነበሰች እትዬ መለሰች።

«አሥራ አራት» አለች። ድምጿን አልቀነሰችም፣ ቀናም አላለች። ጆሮዬ እስኪግል ፊቴ ነደደ፤ ነገር ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርኩም።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሦስት ሳንቲ» አሉ። «እኔ ዘንድ ሰው በአንድ ሳንቲ ሱሪ ይመልስ ነበር። ከነስድቡ።»

እትዬ ሳቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ለእኔ አልነበረም፣ ለእሳቸው ነው፣ ግን ሳቀች። አዲሱን ፋሻ ጠቅልላ ጨረሰች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ቦርሳውን ዘግታ አሸከመችኝ።

ሁለተኛው ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ምድር ቤት፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው። ቆማ አየችኝና አንኳኳ አለችኝ። አንኳኳሁ። ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ማነው አለ።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች እትዬ። «ዛሬ ወንድሜን ይዤዋለሁ።»

«ያ በስፖንጅ የሚለካው?» አለ ድምፁ፣ ደስ ብሎት፣ ምርኩዝ ወለሉን እየመታ ወደ በሩ ሲቀርብ ተሰማኝ። «በሉ ቆዩኝ፣ ቆዩኝ፣ ልክፈትላችሁ። የእኔንም ወንበር እንዲያይልኝ ስጠብቀው ነው የከረምኩት።»

እትዬ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ የበሩን ፊት ለእኔ ለቀቀችልኝ።